52 ዓመቴ ነው፤ ለጡረታ ስንት ይበቃኛል? (34 መልሶች)

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ ባለ የውይይት መድረክ የለጠፍኩት እንቅልፍ እምቢ ያለኝ ሌሊት ነው። አጭር ነበረች። 52 ዓመቴ ነው፣ በ62 ሥራ ማቆም እፈልጋለሁ። ሦስት መሥሪያ ቤት ሠርቻለሁ። በሁለቱ የቀረ የጡረታ ቁጠባ አለኝ፤ በሦስተኛው አሁንም ከደመወዜ ይቆረጣል። ከዚህ ሌላ በራሴ የከፈትኩት የግል የጡረታ ሒሳብ አለ። ሁሉም ተደምሮ ስንት ቢሆን ነው አርፌ የምተኛው? ከታች አንዲት ማሳሰቢያ አከልኩ፤ ከየአገሩ የተሰባሰብን ስለሆንን የየአገሩን ሕግና ግብር እንተወው፣ የገንዘብ ዓይነትም አንጥራ፣ ስሌቱን ብቻ እናውራ የምትል።

ጠዋት ስነሳ ዘጠኝ መልስ ጠበቀኝ። በሳምንቱ 34 ደረሰ። መሀሉ ላይ ጠብ አለበት፣ የተሰረዘ ነገርም አለበት። አሁን ገብቶ ከላይ ጀምሮ የሚያነብ ሰው ግራ ይገባዋል። ስለዚህ በራሴ አፍ ላውራው፤ የመለሱትን ሰዎች በመልሳቸው ተራ ቁጥር እጠራቸዋለሁ።

ቁጥር 1 ትሁት ሰው ነው። ሰላምታው ብቻ ሁለት መስመር ይፈጃል። ከሰላምታው በኋላ በወር ስንት እንደማወጣ ጠየቀኝ። ደመወዜን ነገርኩት። የጠየቀኝ ደመወዜን እንዳልሆነ፣ በዚያው ትሕትናው፣ አስታወሰኝ። የነቃሁት እዚህ ላይ ነው። የሚገባውን እስከ ሳንቲሙ አውቃለሁ፤ የሚወጣውን ግን በግምት ነው የምኖረው። ቁጥር 2 ይህን ሳታይ አልቀረችም። ሦስት ወር ሙሉ የማወጣትን እያንዳንዷን ነገር እንድጽፍ አዘዘችኝ። ራሷ ስታደርገው ወጪዋ ከገመተችው በሲሶ በልጦ ተገኝቷል። ትንሽ ቅር አለኝ። ቁጥር ፈልጌ ብመጣ የቤት ሥራ ተሰጠኝ።

ቁጥር 3 ግን ቁጥሩን ሰጠኝ። የዓመት ወጪህን በ25 አባዛው፣ አለቀ ነው የሚለው። ቁጥር 4 ደግሞ የመጨረሻ ደመወዝህን 70 ከመቶ የሚተካ ገቢ ካገኘህ ይበቃሃል ይላል። ሁለቱ አንዱ የሌላውን ያነበበ አይመስልም። እኔ የ25ቱን ወደድኩት፣ ቶሎ ስለሚሰላ። አባዛሁት። የወጣው ቁጥር በ62 ሳይሆን በ92 ጡረታ የሚያስወጣ ነበር። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

ቁጥር 5 አንድ መስመር ብቻ ናት። ብሞት ገንዘቡን ማን እንዲወስድ ቅጹ ላይ እንደተጻፈ አይቼ አውቅ እንደሆነ ትጠይቃለች። ማንም አልመለሰላትም። እኔም ላይክ አድርጌ አለፍኳት።

ቁጥር 6 ስለ አስተዳደር ክፍያ ነው። የክሩ፣ የዚህ ተከታታይ ውይይት ማለቴ ነው፣ ረጅሙ መልስ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሰውየው ይህን ነገር ለብዙ ሰው እንዳስረዳ ያስታውቅበታል። ቁጠባህን የያዘልህ ድርጅት በየዓመቱ ስንት ይወስዳል ብሎ ይጀምራል። 1 ከመቶ ስትባል ትንሽ ትመስላለች። ግን የምትቆረጠው ከትርፉ ሳይሆን ከጠቅላላው ገንዘብ ላይ ነው፣ ደግሞም በየዓመቱ። በዓመት 6 ከመቶ የሚያድግ 100 በ40 ዓመት 1,029 ይሆናል። ክፍያው አንዷን ወስዶ 5 ከመቶ ብቻ ከተረፈለት ግን 704 ላይ ይቆማል። ሲሶ የሚጠጋው በክፍያ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ ስለ ኢንዴክስ ፈንድ አነሳ፤ አንዱን አክሲዮን ከሌላው ሳይመርጥ ገበያውን በጅምላ የሚገዛ፣ በዚህም ምክንያት ርካሽ የሆነ ፈንድ። ጆን ቦግል የተባለው አሜሪካዊ እንዲህ ያለውን ለተራ ቆጣቢ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ነው)። ያኔ ብዙ ሰው እንደሳቀበትም ጨመረ።

ቁጥር 7 አራሚ ነው። የቁጥር 6 ስሌት የሚሠራው ገንዘቡ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ከገባ ብቻ ነው አለ። ሰው የሚቆጥበው ወር በወር ነው። ዘግይቶ የገባው ገንዘብ ብዙ ዓመት ስለማይቆይ ክፍያውም ያን ያህል አይበላውም። በዚያው 6 እና 5 ከመቶ፣ በየወሩ እኩል ለ40 ዓመት ሲቆጠብ የሚጠፋው ከ22 እስከ 23 ከመቶ ነው። ቁጥር 6 ተመልሶ ትክክል ነህ አለው። እንዲህ ያለ ነገር ኢንተርኔት ላይ ስንቴ ታያላችሁ? እኔ በበኩሌ ያንን ሳነብ ተነስቼ የራሴን የሒሳብ መግለጫ ፈለግኩ። ክፍያ የሚል መስመር ፊት ለፊት የለውም። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ በጥቃቅን ፊደል፣ 1.6 ከመቶ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስከፍል ኖሬ አላወቅኩም።

ለኔ የክሩ ልብ ቁጥር 8 ነው። ጻፊዋ ቁጥር 3ን ጠርታ፣ በ25 ማባዛቱ ባይከፋም የሚባዛው ነገር ተሳስቷል አለች። ከቁጠባ መውጣት ያለበት ወጪው በሙሉ አይደለም፤ ጉድለቱ ነው። የዓመት ወጪህ 100 ይሁን። በየወሩ እስክትሞት የሚከፈልህ መደበኛ አበል በዓመት 60 ይሸፍናል እንበል። የቀረው 40 ነው። በ25 የሚባዛው ይህ 40 ነው፤ 1,000 ይመጣል። እኔ 2,500 ፈልጌ ነው እንቅልፍ ያጣሁት! ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ እዚያው መልስ ውስጥ ቀጥላ ዋጋ በዓመት 6 ከመቶ ቢወደድ የዛሬው 40 ከ10 ዓመት በኋላ 72 እንደሚሆን አስላችው። ስለዚህ ቁጥሩን አንዴ አውጥቶ መርሳት አይቻልም፣ በየዓመቱ መታደስ አለበት።

ቁጥር 9 ጡረታ ከወጡ አሥራ አንድ ዓመት የሆናቸው መምህርት ናቸው። መድረኩ ላይ ሁሉም እማማ ነው የሚላቸው። ስለ ቁጥር 4 ሰባ ከመቶ ትንሽ ፈገግ ያሉ ይመስላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያወጡት ሥራ ላይ ከነበሩበት ይበልጣል። ሲመኙት የኖሩትን ጉዞ ሄዱ፣ ጣሪያ አደሱ። ከዚያ ወጪው ወረደ፣ ለብዙ ዓመት ዝቅ ብሎ ኖረ። አሁን በመድኃኒት ምክንያት እንደገና እየወጣ ነው። አንድ ልማድም አላቸው፤ የሁለት ዓመት ወጪያቸውን የሚሸፍን ገንዘብ ገበያ በማይነካው ተራ የቁጠባ ሒሳብ ያስቀምጣሉ። ለምን እንደሆነ አላብራሩም። ምክንያቱ በኋላ፣ በጠቡ መሀል ነው የገባኝ።

ቁጥር 10 የ27 ዓመት ልጅ ነው። ገብቶ ሁላችንንም ሰደበን ማለት ይቻላል። ጡረታ የድሮ ሰው ተረት ነው አለ። የጀርመኑ ቻንስለር ቢስማርክ 65 ዓመትን የመረጠው ሰው እዚያ ሳይደርስ እንደሚሞት አውቆ ነው፤ እናንተም ለማትደርሱበት ቀን ትቆጥባላችሁ አለ። ቁጥር 11 ቀዝቀዝ ብሎ አረመው። የጀርመን የእርጅና መድን ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1889 ነው፤ ዕድሜውም 70 እንጂ 65 አልነበረም። ወደ 65 የወረደው በ1916 ነው። ቢስማርክ ደግሞ በ1898 ሞቷል። ያኔ አማካይ ዕድሜ አጭር የነበረው በአብዛኛው ሕፃናት ስለሚሞቱ ነው፤ አድጎ ለሥራ የበቃ ሰው እርጅና ላይ መድረሱ ብርቅ አልነበረም። ልጁ መልስ አልሰጠም። ግን አልሄደም፣ በኋላ ይመለሳል።

ቁጥር 12 ለልጁ አዝና መሰለኝ የታወቀውን ምሳሌ አመጣች። አንዱ ከ25 እስከ 35 በየዓመቱ 1 ቆጥቦ ያቆማል፣ ገንዘቡን ግን አይነካውም። ሌላው ከ35 እስከ 65 ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየዓመቱ 1 ይቆጥባል። በ65 ላይ በዓመት 7 ከመቶ ካደገ፣ አሥር ብቻ የቆጠበው 105 ሲኖረው ሠላሳ የቆጠበው 94 ይኖረዋል። እውነት ነው፣ እኔም ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በ52 ዓመት ላይ ሆኖ ማስላቱ ግን አያስደስትም።

ቁጥር 13 መጣና ቀዝቃዛ ውኃ ደፋበት። 7 ከመቶውን ማን ሰጠሽ? በ5 ከመቶ ከተሰላ ውጤቱ ይገለበጣል፤ ቀድሞ የጀመረው 54፣ ዘግይቶ የጀመረው 66። ምሳሌው እውነት የሚሆነው ትርፉ ከፍ ሲል ብቻ ነው። አነጋገሩ ትንሽ ቁጣ ነበረበት፣ የሚያስቆጣ ነገር ባይኖርም። ለኔ ግን ከሁሉም መልስ በላይ ያጽናናኝ እሱ ነው። አልረፈደም ማለት እኮ ነው፣ ቢያንስ እስከ ጭራሹ።

ቁጥር 14 ደሞ ሌላ መንገድ ይዞ መጣ። ሰው መቆጠብ የሚያቅተው ዛሬ ከእጁ ላይ ሲቆረጥበት ስለሚያመው ነው። ሪቻርድ ቴለርና ሽሎሞ ቤናርትዚ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን አይተው ሠራተኞችን አንድ ነገር ጠየቁ፤ ዛሬ ምንም አትጨምሩ፣ ወደፊት ደመወዛችሁ ሲጨምር ግን ከጭማሪው ላይ ወደ ቁጠባው እንዲገባ አሁኑኑ ፈርሙ። በመጀመሪያው ድርጅት የፈረሙት ሰዎች ቁጠባ በ40 ወር ውስጥ ከደመወዛቸው 3.5 ከመቶ ወደ 13.6 ከመቶ ወጣ። ጥናቱ የታተመው በ2004 ነው። ቴለር በ2017 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ወስዷል። እዚህ ላይ ያ የ27 ዓመት ልጅ ላይክ አድርጎ አየሁት። ቃል አልተነፈሰም፣ ላይክ ብቻ።

አሁን ጠቡ።

የጫረው ቁጥር 15 ነው፣ ሳያስበው። የቁጥር 3 ሃያ አምስት ከየት እንደመጣ ሊያስረዳ ነበር የገባው። መቶን ለ4 ስታካፍል 25 ነው። 4 ከመቶውን ያመጣው ዊሊያም ቤንገን ነው፤ መጀመሪያ ኤሮኖቲክስ የተማረ፣ በኋላ የፋይናንስ አማካሪ የሆነ አሜሪካዊ። በ1994 ባወጣው ጽሑፍ ከ1926 ጀምሮ ያለውን የአክሲዮንና የቦንድ ታሪክ ፈትሾ፣ ጡረተኛ በመጀመሪያው ዓመት ከቁጠባው 4 ከመቶ ቢያወጣ፣ ከዚያ በየዓመቱ ያንኑ መጠን በግሽበቱ ልክ ቢጨምር፣ ገንዘቡ በክፉ ዘመን እንኳ 30 ዓመት ይቆይ እንደነበር አሳየ። ክፉው ዘመን በ1960ዎቹ መጨረሻ ጡረታ የወጡት ሰዎች ዘመን ነው፤ ገበያው ሳይነሳላቸው የ1970ዎቹ ግሽበት ደረሰባቸው። ቤንገን ራሱ በኋላ ቁጥሩን ወደ 4.5፣ በቅርቡም ወደ 4.7 ከፍ አድርጎታል።

ቁጥር 16 ተነሳበት። የአሜሪካን ታሪክ ለዓለም ሁሉ ሕግ አድርገህ አትሽጥ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በወደሙት በጃፓን፣ በጀርመንና በጣሊያን ታሪክ ላይ ሲሞከር 4 ከመቶ አልቆመም። ደግሞስ 30 ዓመት ማለት በ65 ለወጣ ሰው ነው። በ50 የሚወጣስ? ነጥቡ ልክ ነው። አነጋገሩ ግን ሰው የሚያስቀይም ነበር፤ ቁጥር 15ን የአሜሪካ ቪዲዮ እያየ የሚያወራ ብሎ ዘለፈው።

ቁጥር 17 ከሁለቱም ወገን ሳትሆን ነገሩን አብርዳ አስተማረችን። ዋናው አደጋ አማካይ ትርፉ ሳይሆን ተራው ነው አለች። ሁለት ጡረተኞች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 100 አላቸው፣ በየዓመቱ መጨረሻ 10 ያወጣሉ። የሦስቱ ዓመት ውጤት ለሁለቱም አንድ ነው፤ አንዱ ዓመት 20 ከመቶ ኪሳራ፣ አንዱ 10 ከመቶ ትርፍ፣ አንዱ 25 ከመቶ ትርፍ። ምንም ባያወጡ ሁለቱም 110 ላይ ይደርሱ ነበር። ኪሳራው መጀመሪያ የመጣበት ግን 73.75 ቀረው። ተራው ተገልብጦ ኪሳራው መጨረሻ የመጣበት 83.20። ገበያው ወድቆ ሳለ ለመኖር ብለህ ስትሸጥ፣ ሲነሳ አብሮህ የሚነሳ ነገር አይቀርህም። የእማማ የሁለት ዓመት ቁጠባ ምክንያቱ ይህ ነው። ገበያው ሲወድቅ ከዚያ እየበሉ የቀረውን እንዲያገግም ይተዉታል። ቁጥር 17 ስማቸውን ጠርታ አመሰገነቻቸው።

ቁጥር 18 ላይ ቁጥር 15 ተመልሶ ቁጥር 16ን አንድ የማልደግመው ቃል ተናገረው። አወያዩ ቃሉን አጥፍቶ ማስጠንቀቂያ ጻፈ። ሁለቱም ከዚያ በኋላ አልተመለሱም። የሚገርመው ሁለቱም አልተሳሳቱም ነበር።

ቁጥር 19 ጉዳዩን ወደ ሌላ ወሰደው። ስንት ላውጣ እያሉ ከመጨነቅ፣ ከቁጠባው ላይ የዕድሜ ልክ አበል ውል መግዛት ይቻላል አለ። ገንዘቡን ለመድን ድርጅት ትሰጣለህ፣ እስክትሞት በየወሩ ይከፍልሃል። ቶሎ የሚሞተው ሰው ገንዘብ ረጅም የሚኖረውን ይደጉማል፣ ሥራው ይህ ነው። ኢኮኖሚስቱ ፍራንኮ ሞዲግሊያኒ በ1985 የኖቤል ንግግሩ ላይ ሰው ይህን ውል እንዲህ ጥቂት መግዛቱ እንቆቅልሽ እንደሆነበት አንስቷል። ቁጥር 19 ግን ምክንያቱን ያውቀዋል። አበሉ በቋሚ ቁጥር ከሆነ ግሽበት ይበላዋል፤ 72ን ለግሽበቱ ስታካፍል ዋጋ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን ይነግርሃል። በ6 ከመቶ 12 ዓመት ነው። በ62 የጀመርከው አበል በ74 ግማሽ ዕቃ ብቻ ይገዛል። ሌላው ደግሞ ውሉ ያንተ ብቻ ከሆነ ስትሞት አብሮህ ይሞታል፣ ለትዳር ጓደኛህ የሚቀር ነገር የለም። እሱ ራሱ ያደረገው መሀለኛውን ነው። ኪራዩን፣ ምግቡንና መድኃኒቱን የሚያህል በዕድሜ ልክ አበል ሸፈነ፣ የቀረውን ክፍት ተወው። ይህ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ቀረ።

ቁጥር 20 የለም። ተሰርዟል የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው ያለው። ከመሰረዙ በፊት አይቼዋለሁ፤ በወር 3 ከመቶ የተረጋገጠ ትርፍ እሰጣለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ የሚል ሰው ነበር። ቁጥር 21 ሳይሰረዝ ደርሶ አሰላለት። በወር 3 ከመቶ በዓመት 42.6 ከመቶ ነው። 100 በ10 ዓመት 3,471 ይሆናል። እንዲህ የሚያተርፍ ሰው የኛን የጡረታ ገንዘብ ምን ያደርግለታል ብሎ ነው የጨረሰው። አሁን ስታዩት ማንም ሳይናገረው ብቻውን የሚቆጣ ሰው ይመስላል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ሙሉ በሙሉ መንገድ ሳተ። ቁጥር 22 ስለ ዕድሜ ልክ አበል የምታውቀውን ታሪክ አመጣች፣ ታሪኩም አሪፍ ነው። በፈረንሳይ አርል ከተማ ዣን ካልማን የምትባል ሴት በ1965፣ በ90 ዓመቷ፣ ከአንድ የሕግ ሰው ጋር ተዋዋለች። ሰውየው እስክትሞት በየወሩ 2,500 ፍራንክ ይከፍላታል፣ ስትሞት ቤቷን ይወስዳል። ሰውየው 47 ዓመቱ ነበር። በ1995 በ77 ዓመቱ ሞተ። ሠላሳ ዓመት ከፍሎ ቤቱን አልገባበትም። ሚስቱ መክፈሏን ቀጠለች። ካልማን የሞተችው በ1997 ነው፣ በ122 ዓመቷ። ቁጥር 23 ወዲያው ዕድሜዋ ውሸት ነው፣ በ2018 ሩሲያውያን ተመራማሪዎች የሞተችው እሷ ሳትሆን ልጇ ናት ብለዋል አለ። ቁጥር 24 ደግሞ የፈረንሳይ ባለሙያዎች ያንን ውድቅ እንዳደረጉት ነገረው፣ አያይዞም ሴትየዋ እስከ እርጅናዋ ሲጋራ ታጨስ እንደነበር። እኔ ጡረታ ብዬ ጠይቄ ስለ ሲጋራ ሳነብ ራሴን አገኘሁት።

ወደ ቁም ነገር የመለሰን ቁጥር 25 ነው። ስሌት ስሌት ትላላችሁ፣ ገንዘቡ በቦታው መኖሩን ማን ያረጋግጥላችኋል አለ። የጋዜጣ ባለቤቱ ሮበርት ማክስዌል በ1991 ሲሞት ከድርጅቶቹ የሠራተኞች የጡረታ ፈንድ ከ400 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ጎድሎ ተገኘ። ቁጥር 26 የአሜሪካውን የኢነርጂ ድርጅት ኤንሮንን ጨመረ። በ2001 ሲከስር የሠራተኞቹ የጡረታ ቁጠባ ከግማሽ በላይ በራሱ በኤንሮን አክሲዮን ነበር። ብዙዎቹ ሥራቸውንና የጡረታ ቁጠባቸውን አንድ ላይ አጡ።

ይህን ሳነብ ቁጥር 27ን እኔ ጻፍኩ። ሁለተኛው መሥሪያ ቤቴ፣ ስሙን አልጠራም፣ ከደመወዜ መዋጮውን በየወሩ ይቆርጥ ነበር። የደመወዝ ወረቀቴ ላይ አለ። የጡረታ ሒሳቤ ላይ ግን የ14 ወር መዋጮ አልገባም። ያወቅኩት ከለቀቅኩ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፣ እሱንም በአጋጣሚ። ከደረት ኪሴ ወስዶ ወደ ራሱ ኪስ እንደማስገባት ነው። የአሥሩን ወር ተመላልሼ አስመለስኩ። የቀረችው አራት ወር የገባችበት እስከ ዛሬ አልታወቀም። ያስመለሰልኝ የደመወዝ ወረቀቱን አለመጣሌ ነው፤ ሌላ ማስረጃ አልነበረኝም።

ቁጥር 28 የኔን አንብቦ አዘነልኝ፣ ከዚያ የተበታተኑትን ሒሳቦች ወደ አንድ እንዳመጣቸው መከረኝ። አንድ መግለጫ፣ አንድ ክፍያ፣ አንድ የይለፍ ቃል። ግን ከማዛወሬ በፊት ሁለት ነገር እንድጠይቅ፤ መውጫ ቅጣት አለ ወይ? አሮጌው ሒሳብ ውስጥ ስዛወር የማጣው ዋስትና አለ ወይ? አንዳንድ የድሮ ውሎች ዛሬ በየትም የማይገኝ የአበል መጠን ቃል ገብተዋል።

ቁጥር 29 ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል፣ ጡረታዬ ልጆቼ ናቸው አለ። ቁጥር 30 አልማረችውም። እሷ የእንዲህ ያለ አባት ልጅ ናት። ከደመወዟ ለአባቷ እየከፈለች ለራሷ መቆጠብ አልቻለችም፣ እንግዲህ የሷንም ጡረታ ልጇ ትሸከመዋለች። ልጅ ጡረታ ነው ከማለትህ በፊት ልጅህን ጠይቀሃታል ወይ አለችው። ክሩ ውስጥ ከጠቡ የበለጠ የከበደኝ ይህ ነው። ቁጥር 29 ከአንድ ቀን በኋላ ሁለት ልጆች እንዳሉት፣ አንዳቸውንም ጠይቆ እንደማያውቅ ጻፈ። አዲስ መልስ አልለጠፈም፤ የፊተኛውን አርሞ ነው ከሥሩ ያከለው።

ቁጥር 31 በቁጣ ነው የጀመረችው። ሠላሳ መልስ ስለ 4 ከመቶ ስትናከሱ ለቁጥር 5 ማንም አልመለሰላትም አለች። አባቷ ሲሞቱ የጡረታ ቁጠባቸው ቅጽ ላይ የነበረው ከሃያ ዓመት በፊት የፈቷት ሚስታቸው ስም ነው። ኑዛዜ ነበራቸው፣ ኑዛዜው እናቷን ይላል። እሷ ባለችበት አገር ግን በዚያ ሒሳብ ላይ የሚሠራው ቅጹ ነው። ገንዘቡ ለፊተኛዋ ሚስት ሄደ። ሴትየዋ ክፉ አይደለችም፣ ደውላም አዝናለች፤ ግን ወሰደችው።

ከወንበሬ ተነሳሁ። ሰነዶቼ ያሉበትን ሳጥን አወረድኩ። ባለቤቴ ምን ሆነህ ነው በዚህ ሌሊት አለችኝ።

ያገኘሁትን ቁጥር 32 ላይ ጻፍኩት። የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት ቅጽ ላይ ያለው የእናቴ ስም ነው። ያኔ 29 ዓመቴ ነበር፣ አላገባሁም። እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። ሁለተኛው ላይ የባለቤቴ ስም አለ። የሦስተኛው ቅጂ የለኝም። በራሴ የከፈትኩት የግል ሒሳብ፣ 1.6 ከመቶ የሚከፈልበት፣ ተጠቃሚ የሚለው ቦታ ባዶ ነው። በዚያው መልስ ላይ ስሌቴንም አስቀመጥኩ። የሦስት ወር ወጪዬን ገና እየጻፍኩ ነው፣ ግን በአሁኑ ግምት ጉድለቴ 40 ሳይሆን 45 ነው። በ62 መውጣቱ ጠባብ ነው፣ በ64 ግን ይሆናል።

ቁጥር 33 ራሷ ቁጥር 5 ናት። አሁንም አንድ መስመር። የባለቤቴን ቅጽስ አይተነው እንደሆነ ጠየቀች።

አላየነውም ነበር። እሷ የራሷን ከቦርሳዋ አወጣችው፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፤ ከኔ ይልቅ ጠንቃቃ ናት። ስሜ አለ። የአባቴ ስም ግን በሌላ ሰው አባት ስም ተጽፏል። በወረቀቱ መሠረት ወራሿ የማናውቀው ሰው ነው። ሳቀች። እኔ ቶሎ መሳቅ አልቻልኩም። ቁጥር 34 ላይ ሰኞ ሁለታችንም ፈቃድ ወስደን አራቱንም ቢሮ እንደምንዞር ጻፍኩ፣ እኔ የእናቴን የሞት የምስክር ወረቀት ይዤ፣ እሷ የጋብቻ ወረቀቱን።